የሥነ ጽሑፍና ሥዕል ክበብ፦ ጭላዳው የያዘው ጠመንጃ

ክበባችን ዘንድሮ የከረመው በአንድ ረጅም ታሪክ ላይ ነው። ቦታው መንዝ ጓሳ ነው። ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ናቸው። ይናገራሉ፣ ይጣላሉ፣ ሸንጎ ይቀመጣሉ። ሐሳቡን ያመጡት ልጆች ገና ከጅምሩ «ጭላዳው ጠመንጃ ይኑረው» አሉ።

ጓሳን የመረጥነው በምክንያት ነው። እዚያ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል እንደ ልቡ ይመላለሳል። ጭላዶቹም አይሸሹትም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ያህል ነው። በመንጋው መሃል ሲሆን ግን 67 በመቶ ይደርሳል። እንዲህ ተስማምተው ከሚኖሩ ጎረቤታሞች አንዱ ጠመንጃ ቢያገኝስ? ታሪኩ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ከፊልም የተቀዱ ይመስሉ ነበር። ጭላዳው ክላሽ አንግቷል፣ መነጽር አድርጓል። እሱን አጥፍቶ ሰው ቢተኩበት ምንም አይለወጥም። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን፦ ጠመንጃው ከያዘው እንስሳ አካል ይነሣ።

ነገሩ የጣመን ከዚህ በኋላ ነው። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ሣር የሚነጨው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ነው። ከሰው ቀጥሎ ሁለቱ ጣቶች እንደ እሱ የሚገጥሙለት ዝንጀሮ የለም። ምላጭ መሳብ አይከብደውም። ጉሬዛ ግን አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል። ከታችኛው ደን የመጣው ጉሬዛ ጠመንጃውን ሰርቆ መያዝ የሚያቅተውም በዚህ ነው። ቀበሮውማ መዳፍ ብቻ ነው ያለው። አንዳንዶቹ «ተረት አይደል፣ እጅ ብንሰጠውስ?» ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። መዳፉ መዳፍ ሆኖ እንዲቀር ተወሰነ። በምትኩ አፍንጫውን ተጠቀምንበት። ቀበሮው ባሩድ ያሸታል። ጠመንጃው ጥይት ይጉረስ አይጉረስ ከሩቅ ያውቃል። ሳይታጠቅ የሸንጎው ተፈሪ ምስክር ሆነ።

ለመጠኑ መነሻ ያደረግነው ውጅግራን ነው፣ በአድዋ ዘመን በአባቶቻችን እጅ የነበረውን የፈረንሳይ ጠመንጃ። ርዝመቱ 1.30 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ ነው። ወንዱ ጭላዳ ደግሞ 20 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው። ስለዚህ አፈሙዙ አጠረ፣ ሰደፉ ቀለለ። ጭላዳ ተቀምጦ እየተንፏቀቀ ስለሚግጥ መደገፊያው ጉልበቱ ላይ ሆነ። ማንገቻው ከጓሳ ሣር የተገመደ ነው። አንዴ ብቻ ይተኩሳል፣ ብዙ ያጨሳል፣ ፍንጣሪም ይተፋል። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ በበጋ እንዴት ይተኮሳል? ሣሩ ደርቆ የለ እንዴ?» አለች። ጠመንጃው «ቋያ» የሚለውን ስሙን ያገኘው ያን ቀን ነው።

ማን ሠራው ለሚለው ጥያቄ ቴዎድሮስ አደባባይ ሄደን የሴባስቶፖልን አምሳያ አየን። ዋናው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት፣ ለወራት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ልጆቹ መሣሪያ ስንት ሰው እንደሚያደክም ያኔ ገባቸው። ቋያን የምትቀጠቅጠው ጃርቷ ሆነች። ጃርት እሾኋን ትወረውራለች ይባላል እንጂ አትወረውርም። እሾኋ የሚነቀለው ሲነኳት ነው። በታሪኩ ውስጥ ግን ጎረቤቶቿ ይህን ወሬ አምነው ይሸሿታል፣ ማጭድ ሲፈልጉ ደግሞ ደጇን ያንኳኳሉ። በአገራችን ቀጥቃጮች ስንት ዘመን እንዲህ ሲናቁም ሲፈሩም ኖረዋል! ከዓመቱ ሥራ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ምዕራፍ ነው።

ወላጆች «ለልጅ ጠመንጃ ምን ያደርግለታል?» ብለው ጠይቀውናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሣልነው የውጭ ቅርጹን ብቻ ነው፣ የውስጥ አሠራሩን አልነካንም። ሌላም ሕግ ነበረን፦ ተኩስ የጻፈ ሁሉ ከተኩሱ በኋላ የሆነውንም ይጻፍ። ይህን ሕግ ያቀረቡት የተኩስ ድምፅ በጆሯቸው የሰሙ ልጆች ናቸው።

ቋያ በታሪኩ ውስጥ የሚተኮሰው አንዴ ብቻ ነው። ጥይቱ ማንንም አይመታም። መንጋው ግን ወደ ገደሉ ይሸሻል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭላዶቹ ኮሽ ባለ ቁጥር ይበረግጋሉ። ቀበሮውንም አያስጠጉትም። አይጥ ያመልጠው ጀመር። የቀበሮው ግልገሎች ይከሳሉ። ሸንጎ የሚጠራው እሱ ነው።

ታሪኩ ከነሥዕሎቹ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። የመጨረሻው ምዕራፍ ግን ገና አልተጻፈም። ጃርቷ ቋያን አቅልጣ ማጭድ ታድርገው ወይስ ይቀበር በሚለው አባላቱ አልተስማሙም። ውሳኔውን ለመጪው ዓመት አባላት አቆይተነዋል። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። መሣል የማይችሉም ይምጡ፣ የሸንጎውን ክርክር የሚጽፍ ሰው እንፈልጋለን።