ለደንበኞቻችን፦ «ወ/ሮ» የሚል ፋይል ለምን እንደመለስን

ጤና ይስጥልን ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰኞ ጠዋት ብዙዎቻችሁ ተናዳችሁ ደወላችሁ። ፕሮግራማችሁ ፋይሎቻችሁን ወደምናስቀምጥበት ሰርቨራችን የላከው ፋይል «ስሙ ተቀባይነት የለውም» ተብሎ ተመልሶባችኋል፤ ያውም ወር መጨረሻ ላይ፣ ደመወዝና ደረሰኝ በሚላክበት ቀን። ቀድመን ሳናሳውቃችሁ ማድረጋችን ጥፋት ነው። ይቅርታ።

ስሙ ውስጥ ስላሽ (/) ያለበትን ፋይል አንቀበልም ማለታችን ግን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ላስረዳችሁ።

እኛ ስንጽፍ በስላሽ ማሳጠር ልማዳችን ነው። ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ት/ቤት፣ ገ/ሚካኤል። ሰው ሲያነበው ችግር የለውም። ኮምፒውተር ግን ከስላሹ በፊት ያለውን ፎልደር፣ ከኋላ ያለውን ፋይል አድርጎ ነው የሚወስደው። የዛሬ ወር ገደማ አንድ ክሊኒክ «የታካሚዎች ፋይል ጠፋብን» ብሎ ደወለ። ማታ ቁጭ ብዬ ስፈልግ «ወ» የሚባል ፎልደር አገኘሁ። ስከፍተው «ሮ አልማዝ»፣ «ሮ ጥሩነሽ»፣ «ሪት ሳራ» ተደርድረዋል። አጠገቡ «ዶ» የሚል ሌላ ፎልደር አለ። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ስማቸው ለሁለት ተቆርጦ ማንም በማይፈልግበት ቦታ ተቀምጠው ነበር። የታካሚ ፋይል ነው እኮ! ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

«ታዲያ ስላሹን ራሳችሁ አታጠፉትም?» ብላችሁናል። አስበንበታል። ግን ደረሰኝ 1/12 እና ደረሰኝ 11/2 ስላሹ ሲወጣ ሁለቱም ደረሰኝ 112 ይሆናሉ፤ ኋላ የገባው የፊተኛውን ይደመስሰዋል፣ እናንተም እኛም ሳናውቅ። በሰረዝ እንተካው ብንል ደግሞ ድሮውንም በሰረዝ የሚጽፉ ደንበኞች አሉን፤ ስሞቹ እንደገና ይጋጫሉ። ፋይላችሁ ድምፁን አጥፍቶ ከሚጠፋ ተቆጥታችሁ ብትደውሉልኝ ይሻለኛል።

ከዚህ የባሰም አለ። ስሙ ውስጥ «../» ካለ ኮምፒውተሩ «ወደ ላይኛው ፎልደር ውጣ» ማለት ይመስለዋል። ባልደረቦቼ በሙከራ አካውንት ሲፈትሹ የላኩት ፋይል ከራሱ ፎልደር ወጥቶ ሌላ ፎልደር ውስጥ ገባ። የማናችሁም ፋይል አልተነካም። እኔ ግን ያንን አይቼ በሩን ክፍት ትቼ ማደር አልቻልኩም፣ ለዚህ ነው ሳምንት እንኳን ሳልጠብቅ ፍተሻው እንዲጀምር ያደረግኩት። ነጥቡና ስላሹ በሌላ ኮድ ተለውጠውም ሊመጡ ስለሚችሉ፣ ኤፒአያችን (ፕሮግራማችሁ ፋይል የሚልክበት በር ማለት ነው) መጀመሪያ ስሙን ወደ ተራ ፊደል ይፈታል፣ ከዚያ ይፈትሻል። ርዝመትም እናያለን፦ ጣሪያው 255 ባይት ነው፣ አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት አሠራር) 3 ባይት ስለሚይዝ ቢበዛ 85 ፊደል ማለት ነው።

«አማርኛ ከለከሉ» ያላችሁንም አንብቤያለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ቅር ብሎኛል። ይህን ሥራ በ2009 ዓ.ም. በአንዲት ጠባብ ክፍል ስጀምር፣ ሰው በፍላሽ የሚያመጣው የአማርኛ ፋይል ስሙ ሳጥን ሳጥን እየሆነ ሲያስቸግር አይቼ ነው። የአማርኛ ስም እንደተጻፈ ገብቶ እንደተጻፈ እንዲወጣ ስንት ዓመት ለፋንበት። ወጪውንም ችለናል፦ ሰርቨሩን የምንከራየው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ 100 ብርን አልፎ ሄዷል። እኛ ዋጋ የጨመርነው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱንም እያፈርን። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አብራችሁን ያላችሁ ይህን ታውቃላችሁ።

ዘላቂ መፍትሔ ጀምረናል። ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ በቁጥር ይቀመጣል፣ እናንተ የሰጣችሁት ስም ደግሞ ከነስላሹ ለብቻው ይያዛል። ያኔ «ወ/ሮ» እንደ ልብ ትጽፋላችሁ። ሦስት ሰዎች ነን፣ የድሮ ፋይሎችን አንድ በአንድ ማዛወር ስላለብን ጊዜ ይወስድብናል። እስከዚያ «ወይዘሮ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ፣ ወይም «ወ.ሮ» በነጥብ፤ ያልፋል። ፕሮግራማችሁን የሠራላችሁ ልጅ ከጠፋባችሁ እኛ እናስተካክልላችኋለን፣ አናስከፍልም።

ሌላ ቦታ ልሂድ ብሎ ያሰበ ካለ አልፈርድበትም። ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት አንዴ ደውሉልኝ። ቅዳሜም ሙሉ ቀን ቢሮ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት