የእማማ ወይራ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሦስት ዓመት ዝም ብዬ ኖሬ ዛሬ እንዲህ ብዬ መጠየቄ ለራሴም ያሳፍረኛል። ምን ላድርግ፣ ደብዳቤ በሌላ ነገር አይጀመርም። እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐዋሳም ደህና ናት። አሞራ ገደል ዓሣው አለ። አባ ኮዳዎቹም እንደ ጡረተኛ ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ።

ልጽፍልህ የተነሳሁት ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ግን ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ ስለ በርሜል ላውራህ።

ባለ 200 ሊትር በርሜል ገዛሁ። የምግብ ዘይት የነበረበትን መርጬ ነው፤ ኬሚካል የነካው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሰፈራችን ላለ በያጅ ወሰድኩለት። ከታች ሦስት ቀዳዳ ከነመዝጊያው፣ ክዳኑ ላይ አንድ የጭስ መውጫ፣ ውስጡ የከሰል ቅርጫት፣ ከላዩ ደግሞ ሥጋ የሚቀመጥበት ፍርግርግ። ሥጋን በከሰልና በጭስ ቀስ አድርጎ የሚያበስል ነገር ነው፣ ፈረንጆቹ ስሞከር ይሉታል ብዬ አስረዳሁት። ዞር ዞር ብሎ አየውና "ታዲያ ምድጃ ነው ወይስ ጋን?" አለኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ።

ፍርግርጉን በጋልቫናይዝ ብረት ሊሠራልኝ ነበር፣ አይዝግም ብሎ። እምቢ አልኩ። ላዩ ላይ ያለው ዚንክ በጣም ሲግል ጭሱ መርዝ ነው። እንደውም ከአሜሪካኖቹም በብየዳ ቤት የጀመረ አለ። በ1952 እ.ኤ.አ. ቺካጎ አካባቢ ጆርጅ ስቲቨን የሚባል ሰው፣ የሚሠራበት ፋብሪካ ለባሕር ምልክት የሚያመርተውን ክብ ብረት ለሁለት ከፍሎ ክዳን ያለው መጥበሻ አደረገው። ዌበር የሚባለው ምድጃ ከዚያ ነው የመጣው። ይህን ለበያጁ ብነግረው ዋጋ ጨመረብኝ።

አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሸው ሁሉ በርሜልም ይሟሻል። መጀመሪያ ባዶውን በኃይል አንድደህ ቀለሙን ታቃጥላለህ። ከዚያ ውስጡን ዘይት ቀብተህ ሁለት ሦስት ሰዓት ታጨሰዋለህ። ሥጋ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞ ግቢ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ። ከሰል ዘግተህ እንደማይታደርበት መቼም አንተን አልመክርህም።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። እንጨቱን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው ሲባል ሰምቼ አንድ እቅፍ ወይራ ሌሊቱን ዘፍዝፌ አደርኩ። ጠዋት ከሰሉን በሙሉ አቀጣጥዬ ወይራውን ቆለልኩበት። እሳቱ እንዳይበረታ ብዬ የላዩንም የታቹንም ቀዳዳ ዘጋሁ። ግቢው ጠፋ! እንደ ጥጥ የነጣ ጭስ። ጎረቤት ያሰጣችው አንሶላ ሁለት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀም። ሥጋው ሁለት ኪሎ ነበር፤ ጠቁሮ፣ መርሮ፣ ምላስ የሚያደነዝዝ ሆኖ ወጣ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ቀምሳ አስቀመጠችውና "አንተ ያጠንከው ጎረቤቱን ነው" አለችኝ።

በኋላ ገባኝ። ነጩ ጭስ በደንብ ያልነደደ እንጨትና እንፋሎት ነው፤ ሥጋው ላይ የሚተወውም ያንኑ ምሬት ነው። የሚፈለገው ስስ፣ ሰማያዊ የሚመስል፣ አለ የለም እያልክ የምታየው ጭስ ነው። ስለዚህ የላይኛው መውጫ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። እሳቱን የምታዘው በታችኞቹ ቀዳዳዎች ነው። ከሰሉም በሙሉ አይቀጣጠልም። ቅርጫቱን ባልነደደ ከሰል ትሞላና ፍም የሆነ አሥር አሥራ አምስት ፍሬ ብቻ አናቱ ላይ ታስቀምጣለህ። ቀስ እያለ ወደ ታች ይበላል። ታዲያ የግራር ከሰል ግዛ። የባሕር ዛፉ ቀላል ነው፣ ቶሎ አመድ ይሆናል።

ቴርሞሜትር ገዛሁልህ ደግሞ። ልክ መሆኑን ለማወቅ የፈላ ውሃ ውስጥ ብከተው 94 ላይ ቆመ። ብጠብቅ፣ ባንቀሳቅሰው፣ 94። ተጭበርብሬያለሁ ብዬ ባለሱቁን ልጨቀጭቅ ጫማዬን ሳስር አንተ ትዝ አልከኝ። ያ የፊዚክስ ደብተርህ! ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ላይ ናት። 94 ልክ ነበር። ስንት ዓመት የገለበጥኩት ደብተር ለካ ትርጉም ነበረው። ባለሱቁን ከእኔ ያዳንከው አንተ ነህ።

ሁለተኛውን ሙከራ በፍርምባ አደረግሁት። ሦስት ኪሎ ተኩል። ሥጋ ሻጩ ለቅቅል መስሎት ሊከታትፈው ሲል ለጥቂት አስጣልኩት። ስቡንም አታንሳብኝ አልኩት፤ የኛ በሬ እንደሆነ ሥጋው ደረቅ ነው፣ ያለ ጮማ አሥር ሰዓት እሳት አይችልም። ማታውን ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ቀባሁት። ሚጥሚጣና ዳጣ ማዕድ ላይ ይደርሳሉ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አስገባሁት። በርሜሉ ውስጥ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ያዝኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የሥጋው ውስጥ 68 ደረሰና ቀጥ አለ። ሰባት ሰዓት፣ 68። ሰባት ተኩል፣ 69። እሳቱ ሞተ ብዬ ከሰል ልጨምር ነበር። ለካ ሥጋው እያላበው ነው። ከላዩ የሚተነው ውኃ እንደ ላብ ያቀዘቅዘዋል። ያለው መላ ክዳኑን ሳይነኩ መቀመጥ ብቻ ነው። በዚህ መሃል የሐይቁ ነፋስ ተነሳና በርሜሉን 150 አስገባብኝ፤ ከታች ሁለቱን ቀዳዳ ዘግቼ ነው ያወረድኩት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥጋው 93 ሆነ፤ ሹካ ስሰካበት ቅቤ የወጋሁ መሰለኝ። ያ ሁሉ ጅማት ቀልጧል። ወረቀት ላይ ፎጣ ደርቤ ጠቅልዬ አንድ ሰዓት አሳረፍኩት።

ሲቆረጥ ዳር ዳሩን ቀይ ቀለበት አለው። ከጭሱ የሚመጣ ቀለም ነው እንጂ ጥሬነት አይደለም። ፈረንጅ እንግዳ ሲያየው ይደነግጣል አሉ። የኔ ጎረቤት (ባለ አንሶላዋ ባል፣ ለይቅርታ ጠርቼው) የደነገጠው በሌላ ነው። "ለጥሬ የሚሆን ሥጋ ነበር፣ ምን በድሎህ ነው ቀኑን ሙሉ ያሰቃየኸው?" አለኝ። ሦስት ጊዜ እየደገመ በላ ግን።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ወይራው ደረቅ ነበር፣ ሦስት ስንጣሪ ብቻ። ፍሙ ላይ አድርጌ ነጩ ጭስ እስኪያልፍ ቆሜ ጠበቅሁ። ስስ ሲሆን ክዳኑን ልከድን ጎንበስ አልኩ። ሽታው ያዘኝ። የእናንተ ጓሮ ነው፣ አዳማ። እማማ ጋኑን በግራዋ አጥበው፣ ወይራውን አያይዘው፣ እኛን እፍ በሉ ብለው ዓይናችን ሲያለቅስ። ጋኑን ለመድፋት ስንቸኩል ምን ይሉን ነበር? "ቆዩ፣ ነጩ ይውጣ፣ ጠላዬን ታመሩብኛላችሁ።" እኔ ሁለት ኪሎ ሥጋ አቃጥዬ የተማርኩትን እሳቸው በሰባት ዓመቴ ነግረውኛል። ክዳኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ "አባዬ፣ ጭሱ ገባህ?" አለኝ። አዎ ገባኝ አልኩት።

ማረፋቸውን የሰማሁት ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። ለአርባው እደርሳለሁ አልኩ። አርባውን ሥራ ያዘኝ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ፈቃድ ብጠይቅ አይከለክሉኝም ነበር። ከዚያ ሙት ዓመቱ አለፈ። ስልክህን አውጥቼ እመለከትና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አንተም አልደወልክም፤ ለመደወል የተራው ባለቤት እኔ ነበርኩና አልፈረድኩብህም። በቤታቸው ጠግቤ ያደግሁ ሰው አፈር ሳላለብሳቸው ቀረሁ። ሌላ የምለው የለኝም። ይቅርታ አድርግልኝ።

የሚመጣው ቅዳሜ አዳማ ነኝ። ጠዋት ተነስቼ በሚኒባስ እመጣለሁ። መጀመሪያ ያረፉበት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ካልከፋህ አብረን እንሂድ። ከዚያ ቤት ካስገባኸኝ ፍርምባ እዚያው እንገዛለን። ወይራውንና ቴርሞሜትሩን እኔ ይዣለሁ፤ በርሜል ግን ሚኒባስ አይጭንልኝም፣ አንድ ፈልግ።

ጋናቸው አሁንም ጓሮ አለ? እንዳትሰጠው።

ወንድምህ
ከሐዋሳ