ለጅማ ዞን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ ስለ ዜሮ ዜሮው ክምር

ጤና ይስጥልኝ። ማመልከቻ ጽፌ መዝገብ ቤት ላስገባው አስቤ ነበር። ኋላ ግን በግልጽ ብጽፈው ይሻላል አልኩ፤ የተሳሳትኩት ካለ የሚያውቅ ሰው አንብቦ ያርመኛል። ጉዳዩ ተፈጭቶ ማሳ ላይ ስለሚበተን ድንጋይ ነው። ቆይ፣ አይሳቁብኝ፤ ልጨርስ።

እናቴ ቀርሳ ወረዳ ግማሽ ሄክታር የምትሆን ማሳ አለቻት። በቆሎ ነው የምንዘራው። አፈሩን ያውቁታል፤ ቀይ፣ ጥልቅ፣ ዝናብ ሲነካው ቦቲ ጫማ ላይ እንደ ሊጥ የሚለጠፍ። ከሦስት ዓመት በፊት በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ የቅጠሉ ጠርዝ ወይን ጠጅ እየሆነ ቀጨጨብን። ልማት ሠራተኛው አንድ ቅጠል ቀጥፎ ገልበጥ አደረገና «ፎስፈረስ አጥቷል» አለን። እንዴት ያጣል? ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ ተበድረን ገዝተን የጨመርኩት እኔ ራሴ ነኝ!

ለካ አፈሩ ሲኮመጥጥ በውስጡ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አንቆ ይይዘዋል፣ ሥሩ አያገኘውም። ፒኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፤ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይብሳል) ከ5.5 በታች ሲወርድ ደግሞ አሉሚኒየሙ ራሱ ሥር ያደነዝዛል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው የአሲድ ችግር አለበት ይባላል። የእኛ ጅማ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ ይሄ የምንመካበት ዝናብ ነው ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን ስንት ሺህ ዓመት እያጠበ የወሰደው። ዩሪያውም በበኩሉ ያኮመጥጣል።

መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ እሱን አልክድም። ችግሩ የኖራ ድንጋይ ያለው አባይ ሸለቆና ሙገር፣ እኛ ያለነው ጅማ። ለአንድ ሄክታር 2፣ 3፣ አንዳንዴም 4 ቶን እየተባለ ከዚያ ድረስ ሲጫን ትራንስፖርቱ ብቻ ወገብ ይቆርጣል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ከከተማ ወጣ ብለው ክሬሸሮቹን አይተዋል? ጥቁሩ ድንጋይ ይፈጭና 01 እና 02 ጠጠሩ ወዲያው በሲኖትራክ ይጫናል። 00 የሚሉት ብናኝ ግን፣ ብሎኬት የሚሠሩት ቢወስዱለትም፣ ክምሩ አያልቅም። አንድ ቀን ጠጠር ላስጭን ሄጄ ቆሜ ሳየው ገረመኝ፤ አጥሩ ጥግ ያለው ቡና ቅጠሉ ሁሉ አመድ ለብሷል። ያ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ባዛልት ደግሞ በውስጡ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ጥቂት ፖታሲየምና ፎስፈረስ አለው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ለስለስ ያለ አሲድ ይሆንና ዱቄቱን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ድንጋዩ ሲሟሟ የአፈሩን አሲድ እያለዘበ ማዕድኑን ይለቃል። ሲታሰብ ደግሞ ቀዩ አፈራችን ራሱ አብዛኛው ዱሮ እንዲህ ያለ ድንጋይ የነበረ ነው፤ ዝናቡ አጥቦ አጥቦ አዳከመው እንጂ። ለከብቶቻችን ቦሌ የሚባለውን ጨዋማ አፈር የምናልሳቸው ለምንድን ነው? ከሣሩ ያጡትን ማዕድን እንዲያገኙ አይደል? ለአፈሩም እንደዚያው ቢታሰብ ምን ነውር አለው?

ፈጠራም አይደለም። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በየዓመቱ በሄክታር 50 ቶን የባዛልት ዱቄት 4 ዓመት ተበትኖ የበቆሎና የአኩሪ አተር ምርት ከ12 እስከ 16 በመቶ ጨምሯል፤ ውጤቱ በ2024 ወጥቷል (በእነሱ አቆጣጠር)። ብራዚል ደግሞ ነገሩን በ2013 ሕግ ውስጥ አስገብታ፣ በ2016 መለኪያ አውጥታለታለች (ይሄም በእነሱው አቆጣጠር)።

እና እኔም ሞከርኩ። ካቻምና አሥር ጆንያ 00 በጋሪ አስጭኜ ወሰድኩ። 00 ማለት ግን ዱቄት ማለት አይደለም፤ ግማሹ አሸዋ ነው፣ አሸዋው ደግሞ ለመሟሟት ዕድሜ ይፈጅበታል። ስለዚህ በእናቴ የዱቄት ወንፊት ነፋሁት። ወንፊቱ በሁለተኛው ጆንያ ተቀደደ። አቧራውን ደግሞ አፌን ሳልሸፍን ስነፋ ውዬ ሳምንት ሙሉ ሳልኩ፤ ሞኝነት ነው፣ የድንጋይ አቧራ ሳንባ ላይ አይቀለድበትም፣ ማስክ ያስፈልጋል፣ ረጠብ አድርጎ መበተንም ይሻላል። የተነፋውንም ያልተነፋውንም ደባልቄ በአሥር ሜትር በአሥር ሜትር መደብ ላይ በተንኩት።

የመጀመሪያው ዓመት ምንም። አምና እናቴ «እዚህ ጋ ያለው ወፈር ያለ ይመስለኛል» አለች። እውነትም አገዳው ደህና ነበር። ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ ሳወራ አንድ ሽማግሌ ሰምተው ሳቁብኝ። ለካ ያ ጥግ የዱሮ በረት ነበር! ድንጋዩ ይሁን የስንት ዘመን ፍግ፣ እንግዲህ ማን ይለየው?

የምለምንዎ ይህንኑ እንዲለዩልን ነው። ገበሬ ማሰልጠኛዎቹ ላይ መሬት አለ። ሦስት ማሰልጠኛ ይመረጥ፤ በእያንዳንዱ ጎን ለጎን ምንም ያልተደረገበት መደብ፣ ኖራ ያለበት፣ የድንጋይ ዱቄት ያለበት፣ ዱቄቱ ከኮምፖስት ጋር የተቀላቀለበት መደብ ይኑር። ለአንድ ክረምት ሳይሆን ቢያንስ ለሦስት ክረምት፤ ነገሩ ቀርፋፋ ነው። በረት ያልነበረበት ቦታ መሆኑ ይጣራ እንግዲህ፣ ከእኔ ይማሩ። የግብርና ኮሌጁ ከ1952 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ጀምሮ እዚሁ ከተማችን አለ፣ የምርምር ማዕከሉ መልኮ ነው፤ ባጃጅ ይዞ የሚደረስበት ቦታ ነው ሁለቱም።

ከመበተኑ በፊት ግን ድንጋዩ ይመርመር። ጥቁር ሁሉ ባዛልት አይደለም፣ እኛ አካባቢ ካልሲየም የሌለው ያህል የሆነ ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ይፈጫል። የብራዚሎቹ መለኪያ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየሙ በኦክሳይድ ተደምሮ ቢያንስ 9 በመቶ ይሁን ይላል፤ አርሴኒክ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪና እርሳስም ጣሪያ ተቀምጦላቸዋል። የእኛ ክሬሸሮች ድንጋይ ይህን ያልፋል ወይ? አንድ ኪሎ ከየክሬሸሩ ወስዶ ላብራቶሪ መላክ ነው።

ሒሳቡም ይሠራ። በሄክታር 20 ቶን እንኳ ብንል ለእናቴ ማሳ ብቻ 10 ቶን ነው። ለክሬሸር ቅርብ ለሆነ ሰው ያዋጣው ይሆናል፤ ዴዶ ተራራ ላይ ላለው ገበሬ ግን በአህያ ጫን ልንለው ነው? ለእሱ ኖራው ይሻለው ይሆናል፤ በሄክታር የሚፈልገው ጥቂት ነው፣ ሥራውም ፈጣን ነው።

የቸኮልኩበትን ምክንያት ልንገርዎ። ይህ ነገር ዛሬ ነገ ነጋዴ ጆሮ ይገባል። ያኔ 00ው በሚያብረቀርቅ ከረጢት ታሽጎ «የተፈጥሮ ማዳበሪያ» ተብሎ ይሸጥልናል፣ ዩሪያ ተው ይባላል። ድንጋይ ደግሞ ናይትሮጅን የለውም! በቆሎ ያለ ናይትሮጅን ምን እንደሚሆን እርስዎ ይነግሩኛል። ዱቄቱ ቢሠራም ባይሠራም ገበሬው ከነጋዴው በፊት ከእርስዎ ሠራተኞች አፍ ይስማው፤ ካልሠራም «አልሠራም» ተብሎ ቀበሌ ላይ ይለጠፍ።

ዱቄቱ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ እስከ መጋቢት ቢበተን ጥሩ ነው። የእናቴ ማሳ ለሙከራ ክፍት ነው፤ በረቱ የነበረበትን ጥግ በአጥር እለየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀርሳው የበቆሎ ገበሬ ልጅ

ግልባጭ፦
ለእናቴ (ወንፊቱን ለፋሲካ እተካለሁ)