«ማን በላህ?» ማለቱ ይቅርብን

ሰላም የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ሁሌም አነባችኋለሁ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ አንድ ልጅ የሚጥል በሽታው ተነስቶበት ወደቀና ረዳቱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ስር ያዘለት፣ አንዷ ሴትዮ ደግሞ «ቡዳ ነው፣ ማን እንደበላው ጠይቁት» ስትል ሰምቼ የልጅነቴ ነገር መጣብኝ።

ያደግሁት ጎንደር፣ ደምቢያ ነው። ጥቅምት ላይ ወባ ሲነሳ የጎረቤታችን ልጅ አተኮሰውና ይቃዥ ጀመር፣ ጤና ጣቢያ ይወሰድ ሲባል የለም ይሄ ቡዳ ነው ተባለና ጋቢ አልብሰው ጭስ ያጥኑታል እያጠኑ «ማነህ? የት አገኘኸው? ተናገር!» ይሉታል። ልጁ ሳል ሊገድለው ሲደርስ የመጣለትን ስም ጠራ፣ ጠዋት እንስራ ተሸክማ በደጃችን ያለፈችውን ሸክላ ሰሪ። ማታውኑ ጎረምሶቹ ዱላ ይዘው ሄደው እየጎተቱ አመጧት፣ «እንትፍ በይበት!» አሏት፣ እያለቀሰች እንትፍ አለችበት። ጭቃ የምታቦካበት ቀኝ እጇ ግን መንገድ ላይ ተሰብሮ ነበር።

በነጋታው ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ጤና ጣቢያ ወሰዱት፣ ደሙ ሲታይ ወባ ነው፣ መድሃኒቱን ወስዶ ዳነ። ሰፈሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ስለተፋችበት ዳነ!» በቃ ማስረጃም ሆነባት። ጉዳዩ በሽማግሌ በእርቅ አለቀ፣ የታሰረ ሰው የለም።

ቡዳ አለ የለም የሚለውን ክርክር ለጊዜው ተዉት፣ እኔን የሚያስፈራኝ ጥያቄው ነው። በትኩሳት የሚቃዥን ሰው በጭስ አፍነህ ስም አምጣ ካልከው ያመጣል፣ የሚያመጣው ደግሞ ዘወትር ሲታማ የሰማውን ነው፤ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሰሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ በኛ አገር ደግሞ ቤተ እስራኤሎቹ፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ስንት ዘመን የኖሩት። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር እኮ፣ መቶ ምናምን ዓመት ሆነው።

ደቡብ ኦሞ የካራ ብሔረሰብ ሰዎች ጋ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ህጻን «ሚንጊ» ነው ድርቅ ያመጣብናል ተብሎ ይገደል ነበር፣ ይህን ስንሰማ ጉድ ነው ብለን አማተብን፣ እነሱ ግን በ2004 የገዛ ሽማግሌዎቻቸው ተነጋግረው ይቅር አሉ። የኛዎቹ ሽማግሌዎችና ቄሶች «ማን በላህ?» የሚል ሰው ሲያዩ ልጁን ቀምተው ለጤና ኤክስቴንሽኗ ቢሰጡ ምን ይከብዳቸዋል?

ሸክላ ሰሪዋ ከዚያ ወዲያ ሰፈሩን ለቃ ሄደች፣ ወዴት እንደሆነ የጠየቀም የለም። እናቴ ግን የሷን ምጣድ ዛሬም ድረስ ትጋግርበታለች፣ እንደሱ የሚያወጣ ምጣድ የለም ትላለች።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ