የወንድሜ ልጅ አልተገዛም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን እዚህ ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተዟዙሮ ሲደርሰኝ ነው ማነበው፣ ባለፈው የወጣው የአንባቢ አስተያየት ግን እውነቴን ነው ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ጸሐፊው ሀይማኖት ለመስበክ ወደ ሰው ሀገር ስለሚላኩ ወጣቶች ሲጽፉ "በዶላር የተገዙ ልጆች" ነው ያሏቸው። ሰውየውን አላውቃቸውም፣ ክፉም አልመኝላቸውም፣ ግን እኔ ከነዚህ ልጆች አንዱን አውቀዋለሁ። የታናሽ ወንድሜ ልጅ ነው። ገና 19 አመቱ ነው፣ ይሄን ስጽፍ እሱ ፊሊፒንስ ውስጥ ጃንጥላ ይዞ የሰው በር ላይ ቆሟል።

እኔ መንዝ ነው የተወለድኩት፣ አባቴ ቄስም ገበሬም ነበር፣ እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ ወደፊትም እንደዛው ነኝ። ወንድሜ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደና ሶልት ሌክ ሲቲ ሚባል ከተማ ተቀመጠ፣ ዩታ ውስጥ ነው፣ የሞርሞኖቹ ዋና መቀመጫ እዛ ነው። ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል ሰው በ1830 በነሱ አቆጣጠር የመሰረተው ቤተክርስቲያን ነው፣ ትምህርቱ ከኛ ጋር በብዙ ቦታ አይገጥምም፣ እሱን እዚህ አልከራከርበትም። ወንድሜ ከነሚስቱ እዛ ቤተክርስቲያን እንደገባ የሰማሁ ቀን ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት፣ ከዛም ሁለት አመት ሙሉ አላነሳሁለትም። ሁለት አመት! እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ "ኧረ በማርያም አንሳለት" እያለችኝ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲያቆም ዝም ብዬ አይ ነበር። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

አሁን ወደ ዶላሩ ልምጣ። እነዚህ ልጆች ደሞዝ የላቸውም። እንደውም የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ከአሜሪካ የሚሄድ ልጅ ወይ ራሱ ወይ ቤተሰቡ በወር 500 ዶላር ያስገባል፣ በነሱ አቆጣጠር እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ 400 ነበር፣ ወንዶቹ ሁለት አመት ነው የሚያገለግሉት፣ እንግዲህ 500ን በ24 አባዙት 12,000 ዶላር ነው። የወንድሜ ልጅ ሀይስኩል እንደጨረሰ አንድ አመት ሙሉ ሱፐርማርኬት መጋዘን ውስጥ ሌሊት ካርቶን ሲያወርድ ሲጭን ነው ያጠራቀመው፣ የጎደለውን አባቱ ሞላለት። ጓደኞቹ መኪና ገዙበት እሱ ለዚህ አዋለው። የት እንደሚሄድም መምረጥ አይችልም፣ ማመልከቻ ያስገባሉ ከዛ ይሄ ሀገር ሂድ የሚል ደብዳቤ ይመጣላቸዋል በቃ። ለሱ ፊሊፒንስ ደረሰው፣ ፕሮቮ የሚባል ከተማ ማሰልጠኛቸው ገብቶ ለሳምንታት ታጋሎግ የሚባለውን ቋንቋ ሲያጠና ከርሞ ሄደ። ይሄ ነው እንግዲህ መገዛት የተባለው?

ቀኑን ደግሞ በኛ ሰዓት ልንገራችሁ እኔ ራሴ ሰው ነግሮኝ ስላላመንኩ ልጁን አንድ በአንድ ጠይቄዋለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል፣ ግማሽ ሰዓት ስፖርት ይሰራል፣ ቁርሱን ይበላና መጽሐፍ ያነባል፣ ቋንቋ ያጠናል፣ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነጭ ሸሚዝና ከረባት አድርጎ ይወጣል፣ እስከ ምሽት 3 ሰዓት ደጅ ነው፣ 4 ሰዓት ተኩል መብራት ይጠፋል። በቃ ሁለት አመት እንደዚህ ነው። የሴት ጓደኛ የለም፣ ፊልም የለም፣ ቡና እንኳን የለም (ቡናውስ ድሮም አይጠጣም፣ በ16 አመቱ ለእረፍት መጥቶ እናቴ አቦል ስታቀርብለት አልጠጣም ብሎ እሷም ታማ ነው የሰነበተችው፣ ኋላ እሱ ራሱ እየቆላላት ነው የታረቁት)። ብቻውን የትም አይሄድም፣ ሁሌ ሁለት ሁለት ናቸው፣ ወንጌሉ ላይ ሐዋርያትን ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው እንደሚለው። አብሮት የሚኖረውንም ልጅ አይመርጥም፣ ዛሬ አብሮት ያለው ከሌላ ደሴት የመጣ የዛው ሀገር ልጅ ነው፣ በየስድስት ሳምንቱ ደግሞ ቅያሪ ሊመጣ ይችላል፣ የለመድከውን ሰው የለመድከውን ሰፈር ትተህ ሻንጣህን ይዘህ ሌላ ቦታ።

ስለ በሩ ሲያወራኝ ነው እኔ የደነገጥኩት። እዛ ሀገር የሰው ግቢ ስትደርስ ዝም ብለህ አታንኳኳም፣ ከውጪ ቆመህ "ታዎ ፖ!" ብለህ ትጣራለህ አለኝ። ታዎ ማለት ሰው ማለት ነው፣ ፖ ደግሞ እንደኛ አንቱታ ያለ የአክብሮት ቃል ነው። እኛ "ቤቶች!" እንደምንለው ማለት ነው። ከዛ መጀመሪያ የሚመጣው ውሻው ነው። ከዛ አንዱ ቤት ውሃ ይሰጡሀል፣ አንዱ ቤት ከመጋረጃው ኋላ ሰው እያየኸው የለም ይሉሀል፣ አንዱ ቤት ልጅ ልከው ሂዱ ያስብላሉ። "አጎቴ፣ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ማንም አያስገባንም፣ ግን ሰላም ይላሉ" አለኝ በዛ በተሰባበረ አማርኛው።

እኔ ይሄን ስሰማ የት እንደሄድኩ ታውቃላችሁ? የቆሎ ተማሪ የነበርኩበት ጊዜ ነው የሄድኩት። በ11 አመቴ ነው ከቤት የወጣሁት፣ መጀመሪያ እዛው መንዝ ኋላ ደግሞ ጎጃም ድረስ ተሻግሬ ቅኔ ቤት። ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ በትከሻዬ፣ ዱላ በእጄ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልኩ በሰው ደጅ። እኛም ለውሻው ስንል ሁለት ሁለት ሆነን ነበር የምንወጣው፣ አንዱ ሲለምን አንዱ ዱላ ይዞ ዞሮ ይቆማል። የቀኝ እግሬ ባት ላይ እስከዛሬ የውሻ ጥርስ ምልክት አለ። እንጀራ የሰጠችኝን ሴትዮ ረስቻታለሁ ይገርማችኋል፣ ያልረሳሁት ምንም ሳትሰጠኝ "እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ፣ እናትህ ማን ናት?" ያለችኝን ነው። እናትህ ማን ናት። ጎጆዬ ገብቼ አልቅሼ ነው ያደርኩት፣ እናቴን የጠየቀኝ ሰው ሲገኝ ጊዜ።

ልዩነቱ ይገባኛል። እኛ የራሳችንን ሀይማኖት በራሳችን ሀገር ለመማር ነው የወጣነው፣ እሱ ሌላውን ሰው ሊያስተምር ነው የሄደው፣ ይሄ አንድ አይደለም የሚል ሰው ልክ ነው። ግን ከእናቱ ቤት ወጥቶ የማያውቀው ሰው በር ላይ የቆመ ልጅ ያው ልጅ ነው። ደሞስ ሰብካችሁ አትዙሩ ለማለት እኛ ሸዋዎች ምን አፍ አለን? የኛው የቡልጋው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዳሞት ድረስ ወርደው አይደል እንዴ ያስተማሩት፣ ገድላቸውን በየወሩ በ24 እንሰማ የለም እንዴ። ክራፕፍና ኢዘንበርግ የሚባሉት የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖችስ በ1839 እ.ኤ.አ. አንኮበር ሲመጡ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በእንግድነት ተቀብለዋቸው ነበር፣ ክራፕፍ ሦስት አመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው እዛው ሸዋ ሲቀመጥ። ኢዘንበርግም የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው አሳትሟል። ንጉሡ ሃይማኖታቸውን አልተቀበሉም፣ ቤት ግን አልነፈጓቸውም።

አሁን በጣም ወደጎዳኝ ነገር ልግባ። ባለፈው አመት እናቴ ማህበር ሄዳ፣ ጠበሉ ቀምሶ ዳቦው እየተቆረሰ እያለ አንዷ ሴት ሰው ሁሉ ፊት "እትዬ፣ የልጅ ልጅሽን ስንት ሸጡት?" አለቻት። እናቴ ከ80 አመት በላይ ናት። ምንም አልመለሰችም፣ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፣ ከዛ በኋላ ሦስት ወር ማህበር አልሄደችም። ይቺ ሴት ክፉ ሆና አይደለም፣ የሰማችውን ነው ያወራችው፣ ጋዜጣ ላይ የሚጻፈውም ይሄው ነው እኮ! ስለዚ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው ስለማያውቀው ልጨምር። በ77 ድርቅ ጊዜ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ የስንዴ ሰልፍ ላይ ከእናቴ ጋር ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ጥር 19 ቀን 1977 እሁድ ነው፣ በነሱ ጃንዋሪ 27፣ 1985 ማለት ነው፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉት ሞርሞኖች ሁለት ማዕድ ጾመው የምግቡን ዋጋ ለረሃቡ ሰጡ፣ የተሰበሰበው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሰልፉ ላይ ቆመን ማንም ይሄ የማን ሀይማኖት ስንዴ ነው ብሎ አልጠየቀም። ወንድሜ ይሄን ሲነግረኝ ነው መጀመሪያ ዝም ያልኩት። በጾም የመጣ እርዳታ ነው፣ ጾም ደግሞ እኛ እናውቃለን።

ስለ ስሙም ልንገራችሁ። እነዚህ ልጆች ደረታቸው ላይ ጥቁር ባጅ ያደርጋሉ፣ በመጀመሪያ ስማቸው አይጠሩም፣ "ኤልደር" ተብሎ የቤተሰብ ስም ነው የሚጻፈው፣ ሽማግሌ እንደማለት ነው፣ በ19 አመት ሽማግሌ። አሜሪካ ደግሞ የቤተሰብ ስም ብለው የያዙት የአያቱን ስም ነው፣ የኔን አባት ስም። የመንዙ ቄስ፣ ከይፋት ወዲያ ሄዶ የማያውቀው አባቴ፣ ስሙ ማኒላ ሰፈር ለሰፈር ይጠራል። ልጁ መጀመሪያ ባጁን በቪዲዮ ወደ ካሜራው አስጠግቶ ሲያሳየን እናቴ ማንበብ ስለማትችል "ምን ይላል?" አለችኝ። ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዛ "ስሙን አደራ በለው" አለችኝ።

ድሮ ቢሆን ይሄም አይኖርም ነበር፣ በነሱ አቆጣጠር እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ቤተሰባቸውን በስልክ የሚያገኙት በአመት ሁለቴ ብቻ ነበር፣ ለገናና ለእናቶች ቀን፣ አሁን በየሳምንቱ ተፈቅዶላቸዋል። ሰኞ የእረፍት ቀናቸው ነው፣ እረፍት ይባል እንጂ ልብስ የሚያጥቡበት አስቤዛ የሚገዙበት ቀን ነው። እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ እኩለ ቀን ነው፣ ወንድሜ ደግሞ ዩታ ገና እሁድ ማታ ሆኖ አልተኛም፣ ሦስታችንም በሜሴንጀር እንገናኛለን። አንድ ሰኞ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በባልዲ ሸሚዝ እያጠበ አገኘነው፣ ኮሌታውን በሁለት እጁ ይዞ ጭብጥ በጭብጥ ያሸዋል፣ ልክ እኛ ወንዝ ወርደን እንደምናሸው፣ ጣቶቹ መገጣጠሚያቸው ላይ ተልጠዋል። ጫማውን ሲያሳየኝ ተረከዙ በአንድ ጎኑ አልቆ ውስጡ ካርቶን ገብቶበታል። እናቴ እጁን አይታ "ልጄን እዛ የሚያጥብለት ሰው የለም?" አለች፣ እሱ ደግሞ ሳቀና እዛ ሀገር ትልቅ ሰው ሰላም የሚባለው እጁን ይዘው ግንባር ላይ በማስነካት እንደሆነ ነገራት፣ እኛ ጉልበት እንደምንስመው። እሷ ምንም ሳትል ቀኝ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። እሱም ከነሳሙና አረፋው ጎንበስ አለና ግንባሩን ካሜራው ላይ አስጠጋ፣ ስክሪኑ ጨለመ፣ ጸጉሩ ብቻ ነበር የሚታየው።

የአስተያየቱ ጸሐፊ ይሄን ቢያዩ ኖሮ ያን ቃል አይጽፉም ነበር ብዬ አምናለሁ። እምነታቸውን አልቀበልም ይበሉ፣ እኔም አልቀበልም፣ ልጆቻችሁን ጠብቁ ይበሉ፣ እኔም እላለሁ። ተገዙ ግን አይበሉ። ጋዜጣውም እንደዚህ አይነት ነገር ሲደርሰው ቢያንስ ልጆቹ በምን እንደሚኖሩ አጣርቶ ቢያወጣው። ልጁ የወጣበት ቤተሰብ ካለ ደግሞ እዚሁ ሸዋም ይሁን ውጪ፣ በናታችሁ ስልኩን አንሱለት። እኔ ያጠፋኋትን ሁለት አመት ማንም አይመልስልኝም፣ በነዛ ሁለት አመት ልጁ ከ14 ወደ 16 አደገ፣ ድምጹ ሲጎረንን እንኳን አልሰማሁም።

ሰባት ወር ይቀረዋል። እናቴ ጥጥ አስገዝታኝ ፈትል ይዛለች፣ ጋቢ ነው፣ እዛ ሙቀት ነው ብላት "የደብረ ብርሃን ብርድ ሲመጣ ያየዋል" ትላለች። መብራት ሰኞ ሰኞ ጠዋት እየሄደ ስላስቸገረን ፓወር ባንክ ገዝቻለሁ።

አክባሪያችሁ
የመንዝ ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን