ፓራፋንጎ ጌጥ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ጎንደር የተራራ መኪኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እኛ ሰፈር ያላነበበው የለም። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ከፍ ከፍ ያሉ ላንድክሩዘሮች፣ ከኋላቸው የሰሜን ተራሮች። ወጣቶቹ መኪናቸውን መውደዳቸውንም አልጠላሁትም። ደሜን ያፈላው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ) ጌጥ ስለሆነ መውለቁ ማንንም አይጎዳም፣ የጎንደር ጋራዦችም ይህንኑ ይመክራሉ ብላችሁ ጻፋችሁ።

የትኛው ጋራዥ? ማንን ጠይቃችሁ ነው? እኔ አዘዞ ውስጥ ባትላሜራ ከሆንኩ 19 ዓመቴ ነው። የማልጠግነው ላሜራ የለም። አንድም ጋዜጠኛ በሬን አላንኳኳም። ጎረቤቶቼ ጋም አልመጣም፣ ጠይቄአለሁ። ያልተናገርነውን በአፋችን ማስገባት ከየት የመጣ ሥራ ነው?

ለምን እንደሚያወልቁት በደንብ አውቃለሁ። ትልቅ ጎማ ሲገጠም፣ መሪ ባዞሩ ቁጥር ፓራፋንጎውን ይፍቃል። ጭቃ በጎማውና በላሜራው መሀል እየተጠቀጠቀ ጎማው አልዞር ይላል። ድንጋይ የነካው ላሜራ ይታጠፋል፣ የታጠፈ ላሜራ ደግሞ ጎማ ይቆርጣል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ሰው በሌለበት ማሳ ወይም አቀበት ላይ ብቻ የሚነዳ መኪና ካላችሁ አምጡት፣ እኔው አወልቅላችኋለሁ። ግን ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ የሕዝብ መንገድ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ተማሪ አለ። ዳባት ላይ ገበያተኛ አለ። ተራራው ጋ የሚደረሰው በእነሱ አጠገብ ታልፎ ነው። እናንተ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንድም እግረኛ የለም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ያለፈው ሐምሌ ነው። ዝናቡ ገና አባርቷል። ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር በባጃጅ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ እየሄድን ነበር። እሷ በግራ በኩል ዳር ላይ ተቀምጣለች፣ መንገድ ማየት ትወዳለች። ማራኪ ልንደርስ ስንል አንድ መኪና ከፊታችን መጣ። ጎማዎቹ ከቦዲው ስንዝር ያህል ወጥተዋል። በላያቸው ምንም የለም። መጀመሪያ ጭቃው መጣ፣ የባጃጁ መስታወት ጠቆረ። ወዲያው አንድ ነገር ጧ አለ። ልጄ አልጮኸችም። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ዝም ብላ አየችኝ። ደሙ በጣቶቿ መሀል መውረድ ሲጀምር ነው ነገሩ የገባኝ።

ቅንድቧ ላይ ሦስት ቦታ ተሰፋች። ከዓይኗ አንድ ጣት ከፍ ያለ ቦታ ነው። ድንጋዩን እግሯ ሥር አገኘሁት። የባቄላ ፍሬ ታክላለች፣ አንድ ጎኗ ሹል ነው። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ሹፌሩ አላቆመም። ምናልባት ምንም አላወቀም፣ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ምን ያያል? የባጃጁ ልጅ ሥራውን ትቶ ሐኪም ቤት ድረስ ወሰደን፣ ሒሳብም አልቀበልም አለ። የዚያን ቀን የተጎዳነው እኛ ነን። «ማንንም አይጎዳም» የተባልነውም እኛው ነን።

የባቄላ ፍሬ የምታህል ድንጋይ እንዴት እንዲህ ታደርጋለች የሚል ካለ ሒሳቡ ቀላል ነው። ጎማ ሲንከባለል መሬት የነካው ጫፉ ለዚያች ቅጽበት ቆሟል፣ አናቱ ግን በመኪናው እጥፍ ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል። መኪናው በ50 ከሄደ የጎማው አናት 100 ነው። ጥርሱ ውስጥ የተሰካ ጠጠር እዚያ ላይ ከተለቀቀ በ100 ይወረወራል። ባጃጁ በ30 ከፊት ሲመጣበት 130 ይሆናል። ፓራፋንጎ ያንን ጠጠር ከላይ መትቶ ወደ መሬት የሚመልስ ክዳን ነው። ሥራው ይሄ ነው።

አውሮፓውያን ይህንን ከጻፉት ቆይተዋል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በዩኔስኮ መዝገብ በገባበት በዚያው በእነሱ 1978 ዓመት ለቤት መኪኖች መመሪያ አውጥተዋል። ከጎማው መሀል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሚወጣው መስመር 30 ዲግሪ ወደ ፊት፣ 50 ዲግሪ ወደ ኋላ፣ የጎማው ስፋት በሙሉ መሸፈን አለበት ይላል። በዲግሪ ለክተው የሚጽፉት ለጌጥ ነው?

ሌላም አለ። በብዙ ላንድክሩዘር ላይ የፊት ፍሬቻ የሚቀመጠው ፓራፋንጎው ላይ ነው። ላሜራው ሲወልቅ ፍሬቻውም አብሮ ይወልቃል። አንዳንዱ ሽቦውን በፕላስተር ጠቅልሎ ይተወዋል። ከዚያ ወዴት እንደሚታጠፍ ማን ይወቅ? የራሱ ጎማ የሚረጨው ጭቃም የራሱን መስታወት ይሸፍነዋል፣ የዝናብ መጥረጊያው ደግሞ ያንን ጭቃ ወዲያና ወዲህ ይለቀልቀዋል።

አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። በቦሎ ሰሞን እኔ ጋ የሚመጡ አሉ። «ለምርመራው ብቻ ግጠምልኝ» ይላሉ። በሳምንቱ ተመልሰው «ንቀልልኝ»። አልነቅልም በማለቴ ሁለት የቆዩ ደንበኞች ትተውኝ ሄደዋል። አሁን ደግሞ የእናንተን ጽሑፍ በስልክ ከፍተው «ይኸው፣ ጋራዦች ይመክራሉ ተብሏል» እያሉ ያሳዩኛል። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ትልቅ ጎማና ፓራፋንጎ አብረው ይሆናሉ። ላሜራውን የሚፍቀው ቦታ ላይ ብቻ ትቆርጠዋለህ። ጠርዙን ወደ ውስጥ ታጥፈዋለህ፣ ስለት እንዳይሆን። ከዚያ ጎማው የወጣውን ያህል ሰፊ የላስቲክ ጠርዝ በብሎን ታስራለህ። ድንጋይ ሲነካው ይታጠፍና ይመለሳል። ከኋላ ደግሞ ካረጀ የከባድ መኪና ጎማ የተቆረጠ የጭቃ መከላከያ ታንጠለጥላለህ። ሠርቼ አውቃለሁ፣ መኪናው አምሮበት ነው የወጣው። ይህንን ብትጠይቁኝ ኖሮ በነፃ አስረዳችሁ ነበር።

አሁንም ያንን ዓረፍተ ነገር አርሙ። እርማቱን መጀመሪያው በወጣበት ቦታ አውጡት። ሌላ ጊዜ ስለ መኪኖቹ ስትጽፉ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጠይቁ፣ አንዲት ነጠላዋን ለብሳ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እናትም ጠይቁ። ድንጋዩን ማየት የፈለገ ሱቄ ክፍት ነው። ልጄ ቁስሏ ድኗል፣ ትምህርቷንም ቀጥላለች። ባጃጅ ስንሳፈር ግን መሀል ካልሆነ አትቀመጥም።

አንድ ባትላሜራ
ከአዘዞ፣ ጎንደር