ሁለት ሁለት መስመር እየያዙ ይጻፉልኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም አባባ። እንዴት ከረሙ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ በሹፌሩ እጅ ደርሶኛል። የመጀመሪያው መስመር ፊደል እንደ ድሮው ደልደል ያለ ነው፤ ወደ ታች ስወርድ እየደቀቀ ሄዶ መጨረሻው ላይ ጤፍ አከለ። ስምዎን ያነበብኩት መስኮት አጠገብ ሄጄ ነው። «ዓይኔ ደከመ» ብለዋል። ዓይንዎ አይደለም አባባ፤ የፓርኪንሰን ሕመም ጽሕፈትን እንዲህ ያሳንሳል። ሲኒው እጅዎ ላይ የሚንቀጫቀጨውም በዚሁ ነው።

በስልክ ስላዩት «ናኖ» መድኃኒት ጠይቀውኛል። እሱ እስኪመጣ ብለው ኪኒኑን እያጓደሉ መሆኑንም እማዬ ነግራኛለች። ተናድጄ ነበር፤ አሁን በርዶልኛል።

በእርስዎው ሙያ፣ በሾፌርነቱ፣ ላስረዳዎ። በኤንትሬ የጭነት መኪናዎ ከአሰብ ሲመጡ ስንት ኬላ ነበረብዎ? አንጎልም ኬላ አለው። የደም ሥሮቹ ግድግዳ ሴሎች ጥብቅ ብለው የተጋጠሙ ስለሆኑ አብዛኛውን መድኃኒት ይመልሳሉ። ለእርስዎ ያነሰው ዶፓሚን፣ አንጎል እንቅስቃሴን የሚያዝበት ኬሚካል፣ ራሱ በደም ቢሰጥ አያልፍም። የሚውጡት ሌቮዶፓ ግን ከምግብ የሚገኝ አሚኖ አሲድ ስለሚመስል ፈታሹ ያሳልፈዋል፤ ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። አብሮት ያለው ካርቢዶፓ ደግሞ ጭነቱ ኬላው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እንዳይራገፍ ይጠብቀዋል።

ናኖውም ያው የጭነት ዘዴ ነው። መድኃኒቱን ከስብ ወይም ሰውነት ውስጥ ከሚሟሟ ፖሊመር በተሠራ ቅንጣት ያሽጉታል። ቅንጣቷ 100 ናኖሜትር ብትሆን፣ በአንድ ጸጉር ውፍረት ላይ ስምንት መቶ ያህል ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ላይዋን ብረት በሚያመላልሰው ፕሮቲን፣ በትራንስፈሪን፣ ያለብሷታል፤ ፈታሹ «የብረት ጭነት ነው» ብሎ እንዲያሳልፋት። ከላይ ጨው፣ ከሥር ሌላ። የሌሎቹን ሾፌሮች ማለቴ ነው፣ እርስዎንስ አላልኩም።

ኪኒንዎ የጎደለውን ይተካል እንጂ የሚሞቱትን የነርቭ ሴሎች አያተርፍም። የናኖ ተመራማሪዎች ሴሎቹን የሚያቆይ፣ እንደ ጂዲኤንኤፍ ያለ ፕሮቲን ማስገባት ይፈልጋሉ። እሱ ግዙፍ ስለሆነ በራሱ አያልፍም፤ ሐኪሞች የራስ ቅል በስተው በቀጭን ቱቦ ሞክረውታል፣ ውጤቱ ግን እንደተጠበቀው አልሆነም። በናኖ የተሞከረው በአብዛኛው አይጥ ላይ ነው። ከቅንጣቶቹም ብዙዎቹን ጉበት መንገድ ላይ ይለቅማቸዋል። የፓርኪንሰን ታማሚን ሴል ያተርፋል ተብሎ የተፈቀደ የናኖ መድኃኒት የለም፤ በስልክ ልሽጥልዎ የሚል ካለ ሌባ ነው።

እባክዎ ኪኒኑን በራስዎ አያቋርጡ፤ ድንገት መተው አደጋ አለው። ሐኪሙ በጻፈልዎ ሰዓት፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይዋጡት። ሥጋና ወተት ሲፈጩ የሚወጡት አሚኖ አሲዶች በዚያው በር ስለሚጋፉ ኪኒኑ ሰልፍ ላይ ይቀራል። ዙህር ሰግደው፣ ምሳው ሳይቀርብ ቢሆን ለማስታወስም ይቀልዎታል።

መስመር ያለው ደብተር በዚያው ሹፌር ልኬያለሁ። መስመር ሲኖር ፊደሉ ቶሎ አይደቅም፤ ሁለት ሁለት መስመር እየያዙ ይጻፉልኝ። ከባቲ ጀምረው እስከ አሰብ የነበሩትን ኬላዎች በተራ ይቁጠሩልኝ፣ የትኛው ላይ ስንት ሰዓት እንዳስቆሙዎም ጭምር።

ልጅዎ